ቨርሊን ሃክ ድሃ ሆኖ የተሾመበት ምሳ

በአዮዋ የበቆሎ ማሳ መካከል የምትገኘው የዌስት ቶለር ከተማ ሕዝብ ሆይ፣ በመኪናህም ያለህ፣ በትራክተርህም ያለህ፣ ጆሮህን ስጥ። የአልቪን ሃክ ልጅ ቨርሊን ሃክ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጢሙ ሽበት፣ ጃኬቱ አሮጌ፣ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ፎቶግራፍ ምስክርነትና በደጋግ ሰዎች ሙሉ ድምፅ የከተማችን ድሃ ሆኖ ተሹሟል። ሹመቱ አይሻርም፤ ይግባኝም የለውም። ማንም ሰው ቤቱ ሄዶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ እንዳይጠይቀው፤ መጠየቅ ነውር ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ዱባ በረንዳው ላይ አስቀምጦ መሸሽ ግን ተፈቅዷል።

ይህ አዋጅ በየትኛውም አደባባይ አልተነበበም። እውነቱን ለመናገር መነበብም አላስፈለገውም። ከተማችን በጽሑፍ ያልወጣ አዋጅ በመፈጸም የታወቀች ናት።

ከመሾሙ በፊት ቨርሊን ማን ነበር? የአሳማ አርቢ ልጅ ነበር። አባቱ መሬታቸውን ለባንክ ሲያስረክቡ እሱ ጎረምሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በከተማው የእህል ጎተራ እየሠራ የበቆሎ ብናኝ እየሳለ ገፋው። አርዲስ የምትባል ሴት አገባ። አርዲስ ታወራለች፣ እሱ ያዳምጣል፤ በዚህ የሥራ ክፍፍል ሁለቱም ተስማምተው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። አርዲስ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ። ጭርታው ሲከብደው ተነስቶ ትምህርት ቤት ሄደና «አውቶቡስ ልንዳላችሁ» አለ። ደሞዙን አስቦ አይደለም። ቤቱ የራሱ ነው፤ ጡረታው ይበቃዋል፤ ምድር ቤቱ ያለው ትልቁ ማቀዝቀዣ ክዳኑ እስኪያስቸግር በአሳማ ሥጋ የተሞላ ነው። የፈለገው ጫጫታ ነበር።

ጫጫታውን እስኪጠግብ አገኘ።

«ቨርሊን፣ ይሄ አውቶቡስ ነው ወይስ ፍሪጅ?» ይለዋል ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ማሞቂያው እምቢ ባለ ጠዋት።

«ፍሪጅ ነው። ሥጋ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ተቀመጥ።»

«ቨርሊን፣ ፍቅረኛ አለችህ?»

«አለችኝ። ቢጫ ናት። አሁን መንገድ ላይ የምታወርድህ እሷ ናት።»

ከመቀመጫው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የሱፍ ጓንት ያስቀምጣል። አርዲስ በየክረምቱ ስትሠራ ኖራ የተወቻቸው ናቸው። ጓንት የጠፋበት ልጅ ሲገባ ቨርሊን እጁን ወደ ካርቶኑ ይሰድድና እጁ የገባለትን ሁለት ያወጣል፤ ቀለሙ ገጠመ አልገጠመ ግድ የለውም። በከተማችን አንድ እጁ አረንጓዴ፣ አንድ እጁ ቡናማ የሆነ ልጅ ካየህ የቨርሊን ተሳፋሪ ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ሶሎንጎ መጣች። ሶሎንጎ ከሞንጎልያ የመጣች የአንድ ዓመት እንግዳ ተማሪ ናት፤ ያስጠጓት ቤተሰቦች የሚኖሩት ከከተማ ወጣ ብሎ አውቶቡሱ መንገዱን በሚጀምርበት እርሻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ ከሰዓት ከሁሉ ኋላ ትወርዳለች። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን ወንበር ያዘች።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አለችው በመጀመሪያው ጠዋት።

«ጌታዬ አትበይኝ። ጌታዬ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«ቨርሊን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

«በስምዎ ብቻ? አይሆንም። አያቴ ይቆጡኛል።»

«አያትሽ ሞንጎልያ አይደሉም እንዴ?»

«ቢሆኑም ይሰማሉ።»

ከብዙ ክርክር በኋላ «አባባ ቨርሊን» በሚለው ታረቁ። ሳምንት ሳይሞላ የኋላ ወንበር ወሮበሎች ስሙን ነጠቋት፤ «አባባ ቨርሊን፣ አባባ ቨርሊን፣ ብሬኩን ያዝ፣ አያቴ ይቆጡሃል» እያሉ ይዘፍኑበት ጀመር። ቨርሊን በመስታወቱ ገረፍ አድርጎ ያያቸውና ጢሙ ውስጥ ይስቃል።

አሁን ደግሞ ሚስስ ጆሊን ፍራንዜንን ላስተዋውቅህ። ጆሊን የውጭ ተማሪዎችን የሚያመጣው ድርጅት የአካባቢያችን ተጠሪ ናት። ልቧ ሰፊ ነው፤ ከልቧ የሚሰፋ ስልኳ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ደግነቷ እዚያ ውስጥ ፎቶ ሆኖ ተቀምጧል። ሶሎንጎ ከአገሯ ያመጣችውን ሰማያዊ የሐር ካባ ባየች ቀን የልጅቷ ዕጣ ተቆረጠ። የትምህርት ቤቱ የመኸር በዓል ሲደርስ ሶሎንጎ ካባዋን ለብሳ በተጎታች ጋሪ፣ በድርቆሽ ላይ ተቀምጣ ለሕዝብ ከረሜላ በተነች። ተማሪው ሁሉ በእንቅልፍ ልብሱ በሚውልበት ቀን እንኳ ጆሊን «አንቺ ካባሽን ልበሺ ውዴ፤ እሱም ያው የእንቅልፍ ልብስ ይመስላል» አለቻት። ለዘማቾች መታሰቢያ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቁርስ፣ ለእግር ኳስ ቡድኑ መሸኛ፣ ሐር። ልጅቷ ይህን ሁሉ ችላ ፈገግ አለች። እንግዳ ናት።

ድርጅቱ እያንዳንዱ ተማሪ በጎ ፈቃደኛ እንዲሆን ያስገድዳል። ዐረፍተ ነገሩን ደግመህ አንብበው፤ የተሳሳትኩት እኔ አይደለሁም።

በኅዳር የምስጋና ቀን መጣ። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለችግረኛ ነጻ ምሳ ይሰጣል። ይህ ምሳ በከተማችን እጅግ የተወደደ ነው፤ ሁሉም ሰው ማብላት ይፈልጋልና። ለመረቁ ጭልፋ ሁለት ሰው ይሻማል። የተፈጨውን ድንች የሚያወጡ ሦስት ናቸው። አንዲት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ቅቤ ለማቀበል ብቻ ከእሑድ ጀምራ ቦታ አስይዛለች። ሽርጥ ያልደረሰው ሰው ፊቱን አጥቁሮ በር ይከፍታል። የሚበላ ግን የለም። የእውነት የቸገረው ሰው እዚያ አይመጣም፤ ለምን ይመጣል? ጭልፋ የያዘው አለቃው፣ የቤት አከራዩና የልጁ አስተማሪ ነው። ከከተማው ዳር በተጎታች ቤት የሚኖሩትን የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ማንም አልጠራቸውም፤ «እነሱ የራሳቸው ምግብ አላቸው» ተባለ።

በዚያ ቀን ምግቡ ተሰለፈ፣ የሚያበሉት ተሰለፉ፣ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ቀሩ። ጆሊን ስልኳን ይዛ ወዲያና ወዲህ አለች።

«ልጆች» አለች በመጨረሻ ለእንግዳ ተማሪዎቿ፤ «እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ባዶ ወንበር እያየሁ በጎ ፈቃድ ሠርታችኋል ብዬ አልፈርምም።»

ሶሎንጎ በዌስት ቶለር የምታውቀው ማንን ነው? ወጣች። ተማሪዎቹን ከየመንደሩ ለቅሞ ያመጣቸው አውቶቡስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቆሟል፤ ቨርሊን መሪውን ተደግፎ የራሱን ሳንድዊች ሊገምጥ አፉን ከፍቷል።

«አባባ፣ ይግቡና ይብሉልኝ።»

«እየበላሁ ነው።»

«የሚበላ ሰው ጠፍቶ እኮ ነው። ሚስስ ፍራንዜን አልፈርምም አለች።»

«እዚያ የሚገባው ችግረኛ ነው ልጄ።»

«አንድ ሳህን ብቻ። ለእኔ ሲሉ።»

ቨርሊን ሳንድዊቹን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ሳንድዊቹን በወረቀቱ ጠቀለለ። «ቱርኪ ዶሯቸው ደረቅ ከሆነ አንቺን ነው የምከስሽ» ብሎ ተከተላት።

ሶሎንጎ ያደገችው ለሽማግሌ ምግብ ሲቀርብ እንዴት እንደሚቀርብ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ሳህኑን በቀኝ እጇ ያዘች፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደገፈች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አቀረበችለት። ቨርሊን እንዲህ ሆኖ ቀርቦለት አያውቅምና ተደናግጦ ኮፍያውን አወለቀ። በዚያች ቅጽበት የጆሊን ስልክ ቀጭ አለ።

ክብር ነበር፤ ፎቶው ውስጥ ሲገባ ምጽዋት ሆነ። የሐር ካባ የለበሰች ልጅ፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ አሮጌ ጃኬት ያጠለቀ ሰው፣ መካከላቸው ሳህን። ጆሊን ከሥሩ «ሶሎንጎአችን ዕድል የከዳውን ወገናችንን ስታጎርስ» ብላ ለዓለም ለቀቀችው። ጆሊን ቨርሊንን አታውቀውም ወይ? በየጠዋቱ መኪናዋን እየነዳች አውቶቡሱን ትከተላለች፤ የምታውቀው የኋላ መብራቱን ነው።

የቀሩት ግን ያውቁታል። በነጋታው በእህል ጎተራው ቡና ቤት ሁለት ገበሬዎች ተቀምጠው ነበር።

«የቨርሊንን አየህ?»

«አየሁ።»

«እኔ እኮ ደህና ነው ብዬ።»

«ሰው ምኑ ይታወቃል። አርዲስ ከሞተች ወዲህ።»

«ይጠጣል እንዴ?»

«እኔ አልወጣኝም።»

«እኔም አልወጣኝም።»

እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይለው ተባለ።

ዱባው በዚያው ሳምንት መምጣት ጀመረ። ቨርሊን በሩን ሲከፍት ከረጢት፤ በከረጢቱ ውስጥ የታሸገ ዱባ፣ የታሸገ ባቄላ፣ አንድ ሰው የተጠቀመበት ካልሲ። ደወል የለ፣ ስም የለ። አንድ ማለዳ የጎረቤቱ መኪና ከግቢው በኋላ ማርሽ ስትወጣ አያት፤ እጁን አንስቶ ሰላም አላት፤ ጎረቤቱ አንገቷን ቀብራ አመለጠች። እሱስ ሄዶ «ምን ሆናችሁ ነው?» አይልም ነበር? አይልም። እሱም የዌስት ቶለር ሰው ነው። የማይበላውን ዱባ ጭኖ የቤተ ክርስቲያኑ የችግረኞች ምግብ ማደያ በር ላይ ሊያስረክብ ሄደ። ከማደያው በር ላይ ቆርቆሮ ታቅፎ የታየ ሰው ደግሞ ቆርቆሮውን እያስገባ ይሁን እያወጣ ከመንገድ ማዶ አይለይም። ያዩት ሰዎች ግን ለዩ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሊቀ መንበር ግሌን ኦስተርማን አውቶቡሶቹ ወደሚያድሩበት ግቢ መጣ። በእኛ አገር ክፉ ወሬ በአየር ጠባይ ይጀመራል፤ ሐኪሙም፣ ባንኩም፣ ቀባሪውም እንዲሁ ነው።

«በረዶ ሊጥል ነው» አለ ግሌን።

«ሊጥል ነው።»

«ነፋሱ ከሰሜን ነው።»

ቨርሊን የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ስለ ነፋስ ማለት ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ቦርዱ ስላንተ አስቧል ቨርሊን። ከገና በኋላ ብታርፍ። ሰው ሲቸግረው ሐሳቡ መንገዱ ላይ አይሆንም። የተጫኑት ልጆች ናቸው።»

«ቸግሮኛል እንዴ?»

ግሌን ጫማውን አየ። «ማንም ምንም አላለም።»

«ግሌን፣ እኔን ቸግሮኛል?»

«እስከ ገና ዕረፍት ንዳ። ከዚያ እናያለን። እኛ ወዳጆችህ ነን።» ጀርባውን ቸብ አድርጎት ሄደ። ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አታገኝም፤ ቢገኝ ኖሮ ቨርሊን የሚጣላው ሰው ባገኘ።

ወሬው አውቶቡስ ውስጥም ገባ። አንድ ትንሽ ልጅ «እናቴ ከገና በኋላ ሌላ ሹፌር ነው አለች፤ ቨርሊን ድሃ ስለሆነ» ሲል ሶሎንጎ ሰማች። ፎቶው ትዝ አላት፤ ሳንድዊቹም ትዝ አላት። በዚያው ከሰዓት ጆሊን ዘንድ ሄደች።

«ፎቶውን ያንሱልኝ። ሰውዬው ድሃ አይደሉም። እኔ ነኝ ለምኜ ያስገባኋቸው።»

«ውዴ» አለች ጆሊን እጇን ይዛ፤ «ይበልጥ አታሳፍሪው። ኩራት ያለበት ሰው ነው። እኛም ዝም ብለን ነው የምንረዳው።»

ዝም ብለው የሚረዱት በአራት መቶ ሰው ፊት ነበር። ከገና ዕረፍት በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ በዓል ተደረገ። የወረቀት በረዶ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ የሙዚቃ ቡድኑ በአዲስ ጥሩምባ አሮጌ ዜማ ያሠቃያል፤ ወላጆች ሞልተዋል። አውቶቡስ ነጂዎቹ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ቨርሊንም ከመካከላቸው። የዓመቱ ደግ እጅ ሽልማት ለሶሎንጎ ተሰጠ። ከጀርባዋ በትልቁ ግድግዳ ላይ ያ ፎቶ በራ፤ የቨርሊን ጢም የአንድ በር ቁመት አክሏል። ሶሎንጎ ሽልማቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«ይህ ፎቶ ውሸት ነው» አለች። «ሚስተር ቨርሊን ድሃ አይደሉም። ቤት አላቸው፤ ምግብም አላቸው። በዚያ ቀን የራሳቸውን ምሳ እየበሉ ነበር። እናንተ ሁላችሁ ማብላት ስለፈለጋችሁ የሚበላ ሰው ጠፋ። እሳቸው የገቡት እኔ ስለለመንኳቸው ነው። ሳህኑን እንደዚያ አድርጌ የሰጠሁት አዝኜላቸው አይደለም፤ አክብሬያቸው ነው። እባካችሁ፣ አውቶቡሳቸውን አትውሰዱባቸው።»

ከዚህ የቀለለ ንግግር በዚያ አዳራሽ ተደርጎ አያውቅም። አንድም አስቸጋሪ ቃል የለበትም። ሕፃን ይረዳዋል።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ከፊት ረድፍ አለቀሰች። ቀጥሎ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቆመ፤ ጭብጨባው የወረቀቱን በረዶ እስኪያወዛውዝ ድረስ። ግሌን ኦስተርማን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ጆሊን ድምፅ ማጉያውን ከልጅቷ እጅ በለዘብታ ወሰደችና «አያችሁ?» አለች በተሰበረ ድምፅ፤ «የሰውዬውን ክብር ለመጠበቅ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደች። እኛ ከዚህች ልጅ ምን ያህል እንማራለን?»

እንደገና አጨበጨቡ። የኋለኞቹ ወደ በሩ ዞረው ለቨርሊን አጨበጨቡለት። ቨርሊን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ፤ ልክ እንደ ፎቶው።

ያን ቀን ከሰዓት የመጨረሻ ጉዞውን ነዳ። ማሞቂያው እምቢ ብሎ ነበር። ማንም ስለ ፍሪጅ አልተናገረም። ማንም አልዘፈነም፣ ማንም ስለ ፍቅረኛው አልጠየቀውም። ልጆቹ ቤታቸው ምክር ተሰጥቷቸዋል፤ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ሲወርዱም አንድ በአንድ «እናመሰግናለን ሚስተር ሃክ፣ መልካም ገና» አሉት። የኋላ ወንበሩ ወሮበላ ሳይቀር ሲወርድ አረንጓዴና ቡናማ ጓንቱን አውልቆ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠለት። «ያስፈልግህ ይሆናል» አለው።

መንገዱ ሲያልቅ ሶሎንጎ ብቻ ቀረች።

«አባባ፣ እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ሰማሁ።»

«ለምን አጨበጨቡ?»

«ደጋግ ሰዎች ናቸው። ምን ታደርጊያቸዋለሽ።»

«እርስዎስ ለምን አልተናገሩም? በሩ ላይ ቆመው ነበር እኮ።»

ቨርሊን የአውቶቡሱን በር ከፈተላት። የእርሻው ውሻ እየጮኸ መጣ።

«አልጠየቁኝማ» አላት።

ከገና በኋላ እስኪወስኑ አልጠበቀም። ቁልፉን በዚያው ቀን ለግሌን ሰጠው፤ ጫጫታው ቀድሞ ወርዷል፤ ባዶ ቆርቆሮ መንዳት አልፈለገም። ግሌን «በረዶው ሊያይል ነው» አለው፤ እሱም «ሊያይል ነው» አለው።

ሶሎንጎ በሰኔ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ደጁ ሄዳ ነበር፤ ሻይ አፍልቶላት አብረው ጠጡ። ሽልማቷን ለጆሊን ትታላታለች፤ ጆሊን ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች፣ ልጅቷ በትሕትና ረስታው ነው ብላ።

በሚቀጥለው ኅዳር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የነጻው ምሳ ተዘጋጀ። የሚያበሉት እንደ ወትሮው ጭልፋ ተሻሙ። በሩ ተከፈተና ቨርሊን ሃክ ገባ። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልለመነውም። ፍሪጁ ዛሬም ሙሉ ነው። የመጣው አርዲስ ከሞተች ወዲህ፣ አውቶቡሱም ከሄደ ወዲህ፣ ለምሳ ድምፅ ያለበት ቤት ሌላ ስለማያውቅ ነው። የሚያበሉት ግን በክርን ተነካኩ፤ «አላልኩህም?» ተባባሉ። ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ፣ የአገሩን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሳህን አቀበለው። ስልኮች ቀጭ አሉ። ቨርሊን ጥግ ካለው ጠረጴዛ ብቻውን ተቀመጠና ቀስ ብሎ መብላት ጀመረ። ቱርኪው ደረቅ ነበር፤ የሚከሰውም ሰው አልነበረም። ሃያ ሰው ሽርጥ ታጥቆ ቆሞ በፍቅር አየው። ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ እስኪጨርስም ባዶ ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ አንባቢ፣ አንተ ደግ ሰው መሆንህን አልጠራጠርም፤ ስለ ድሃ የተጻፈ መስሎህ እስከዚህ ድረስ አንብበሃልና። አንድ ነገር ልለምንህ። በመጪው ኅዳር መንገድ ወደ ዌስት ቶለር ቢጥልህ፣ ሽርጥ ሲያቀርቡልህ አትታጠቅ። ጭልፋውን ለሚጓጓለት ተውለት። ሳህን ይዘህ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሂድና ከፊቱ ተቀመጥ። ስለ በረዶው አታንሳ። ከተማ ሙሉ ሰው ያልጠየቀውን ጠይቀው፤ ከዚያ መልሱን እስኪጨርስ ድረስ፣ እባክህ፣ እጅህን ከስልክህ ላይ አንስተህ አዳምጠው።